አርባ ሰንደል ውሃ

በዚያ ዓመት ሰኔ ዝናብ አልመጣም። ሐምሌም አልመጣም። በጃፓን የሳኑኪ አገር ትልቅ ወንዝ የለውም፤ የሚጠጣው አያቶቹ ከቆፈሩት ኩሬ ነው። ኩሬዎቹ መጀመሪያ ጎደሉ፣ ቀጥለው ሸተቱ፣ በመጨረሻ ተሰነጠቁ። የቧንቧ ውሃ በቀን አምስት ሰዓት ብቻ ይለቀቅ ጀመር። ሩዙ ሳያፈራ ቢጫ ሆኖ ቆመ። ዓሦቹ ጭቃ ውስጥ ሞቱ፤ አሞራም ጠግቦ ተዋቸው።

የኪናሺ መንደር ሰው የሚኖረው በቦንሳይ ነው፤ በሸክላ ሳህን ውስጥ በሚያድግ ጥድ። መሬት ላይ የቆመ ዛፍ ሥሩን ሰድዶ ውሃ ይፈልጋል። የሳህን ዛፍ ግን የሚጠጣው ከሰው እጅ ብቻ ነው። በሐሩር አንድ ቀን ከተረሳ ይደርቃል፤ ከደረቀ አይመለስም።

በመንደሩ ትልቁ የችግኝ ቦታ የቶራኪቺ ኪታጋኪ ነበር። ሠራተኞቻቸው «ኦያካታ» ይሏቸዋል፤ አለቃም አባትም እንደ ማለት ነው። ከጥዶቻቸው አንዷ ከአራት ትውልድ የተላለፈች ናት። ስሟ «አያት» ነው። በዚያ ሐምሌ የአያት ቅጠል ጫፉ መቅላት ጀመረ።

በመንደሩ ያልነጠፈ አንድ ጉድጓድ ቀርቶ ነበር፤ የእማማ ኪኑኤ። እማማ ኪኑኤ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ ኡዶን የሚባለውን ወፍራም የስንዴ ፓስታ እየቀቀሉ ይሸጣሉ። ኡዶን ከዱቄት ይልቅ ውሃ ይበላል። አንድ ልጃቸው ኢሳኦ ቶራኪቺ ዘንድ ሙያ ይማር ነበር።

አንድ ማለዳ ኢሳኦ እናቱ ፊት ቁጭ አለ። «ጥዶቹ እየሞቱ ነው።»

«የእኛ ናቸው?»

«አይደሉም።»

«ታዲያ አንተን ምን አስለቀሰህ?»

«ስድስት ዓመት ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ።»

እማማ ኪኑኤ ብዙ አላሰቡም። «ኡዶን ቢጠፋ ሰው ሩዝ ይበላል። ጥድ ቢደርቅ ምን ይተካዋል? ቅዳ» አሉት።

በዚያ አገር በድርቅ ጊዜ ውሃ የሚለካው በሰንደል ነው። የውሃ አባት ማሳው ጫፍ ላይ አንዲት ሰንደል ይለኩሳል። ሰንደሏ ነድዳ እስክታልቅ የአንዱ ተራ ነው፤ የመጨረሻው አመድ ሲወድቅ ውሃው ወደ ሌላው ይዞራል። እማማ ኪኑኤም በየማለዳው ጉድጓዳቸው አፍ ላይ አንድ ሰንደል ለኮሱ። ሰንደሏ እስክታልቅ ኢሳኦ ይቀዳል፤ የቶራኪቺ ልጅ ቺዙሩ ጋሪውን ትይዛለች። አርባ ማለዳ እንዲህ ሆነ። በአርባ አንደኛው ባልዲው ጭቃ ይዞ ወጣ።

ዝናቡ መስከረም ላይ መጣ። ኩሬዎቹ ሞሉ፤ ጥዶቹም ተረፉ። ያ ጉድጓድ ግን አልተመለሰም። የኡዶን ቤቱ ተዘጋ፤ እማማ ኪኑኤ ከተማ ወርደው የሰው ዕቃ ማጠብ ጀመሩ።

ቶራኪቺ የነጠፈው ጉድጓድ አፍ ላይ መጥተው ቆሙ። «አርባ ሰንደል ነው። እመልሳለሁ» አሉ። በማግስቱ በፖስታ አሽገው ገንዘብ ላኩ። ፖስታው ሳይከፈት ተመለሰ።

«ውሃ የሚከፈለው በውሃ ነው፤ አንተ ቶራ» አሉ እማማ ኪኑኤ። ሁለቱ ሕፃናት ሳሉ አንድ ወንበር ላይ የተማሩ ናቸውና ኦያካታን «አንተ» የሚላቸው ሰው በመንደሩ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

* * *

አርባ ማለዳ አንድ ጋሪ የገፉ ሁለት ወጣቶች ምን እንደሚደርስባቸው የታወቀ ነው። ቺዙሩ ከውሃው ጠብታ እንዳይፈስ ዓይኗን ከባልዲው ላይ አትነቅልም ነበር። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ዓይኗ ባልዲውን የያዘው እጅ ላይ አረፈ፤ ከዚያ አልተነሳም።

ኢሳኦ በኅዳር ወደ ኦያካታ ገብቶ ቺዙሩን እንዲድሩለት ጠየቀ።

ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። ቺዙሩ የቤቱ አንድ ልጅ ናት። እንዲህ ያለች ልጅ ከቤቷ አትወጣም፤ ባል ወደ እሷ ይገባል፤ የራሱን የቤተሰብ ስም ጥሎ የአባቷን ይይዛል። ኢሳኦም ለእናቱ አንድ ነው። እሱ ስሙን ከጣለ የእማማ ኪኑኤ ቤት ስም ከእሳቸው ጋር ይቀበራል።

«ስሜን ይዘህ ግባ» አሉ ቶራኪቺ። «የኡዶን ሻጭ ልጅ መሆንህን መንደሩ እንዲረሳልህ አደርጋለሁ።»

ኢሳኦ ግንባሩን ሰሌኑ ላይ እንደደፋ መለሰ። «እንዲረሳልኝ አልፈልግም፣ ኦያካታ። እናቴ ለዚህ ቤት ጉድጓዷን አድርቃለች። ስሟን ደግሞ እኔ አላደርቅባትም።»

«እንግዲያው ውጣ።»

ወጣ። ሆላንድ አገር አንድ የጃፓን አትክልት ቦታ ጠባቂ ይፈልግ ነበርና ወደዚያ ሄደ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቺዙሩ «አትሂድ» አላለችም። እሱም «ጠብቂኝ» አላላትም። ሁለቱም ያንን ቃል ሌላው እንዲናገረው እየጠበቁ አውቶቡሱ መጣ። ያልተባለው ቃል አሥራ አንድ ዓመት ጉሮሮዋ ላይ ቀረ።

* * *

ቺዙሩ አላገባችም። አባቷ ሚያዋኪ የሚባል የትልቅ ችግኝ አብቃይ ልጅ መረጡላት። «ባል ይቅርብኝ፤ መቀስ ግን ይሰጠኝ» አለች። ሚያዋኪ ሌላ አግብቶ ወለደ፤ ቆይቶም የአብቃዮቹ ማኅበር ሊቀመንበር ሆነ። ቺዙሩ ጠዋት ጥድ ትከረክማለች፤ ከሰዓት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ትሠራለች። እዚያ ሳለች ነው በአንድ ኅዳር ደብዳቤው የመጣው።

«ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት። አሥራ ሁለት የሆላንድ ሰዎች ይዤ በሚያዝያ እመጣለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዛፍ ያሳደጉ ናቸው። የአገራችንን ችግኝ ቦታዎችና የቆዩ አትክልት ቦታዎች በአሥራ አምስት ቀን ማየት ይፈልጋሉ። መርሐ ግብር እንድታወጡልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ኢሳኦ ሺኖሃራ።»

ፊደሉን አወቀችው። የውሃ ጋሪው ጎን ላይ በየቀኑ ባልዲ ሲቆጥር የሚጽፈው ያው ጠባብ ፊደል ነበር።

መልሱን ስምንት ጊዜ ጻፈች። የቤተሰብ ስሟን አልጨመረችም። «ቺዙሩ» ብላ ብቻ ፈረመች፤ እሱ በሚጠራት መንገድ እንዲያነባት ፈለገች። የማኅበር ደብዳቤ ያለ ማኅተም ስለማይሄድ የሊቀመንበሩን ማኅተም ከመሳቢያ አውጥታ ከስሟ አጠገብ መታች። የሊቀመንበሩ የቤተሰብ ስም ቀይ ሆኖ አረፈ፦ ሚያዋኪ።

የብርዱ ወራት በመርሐ ግብሩ አለፉ። መጀመሪያ ኦሚያ፤ የድሮ የቦንሳይ ቤቶች ሁለት ቀን። ቀጥሎ ኪዮቶ፤ ግቢውን የድንጋይ ሽበት የሸፈነው ገዳም፣ የጠጠር አትክልት፣ አንዲት ድንጋይ ለማየት አንድ ሰዓት የሚቀመጡበት በረንዳ። ከዚያ በመርከብ ወዲህ። የማን ጉልበት ወለል ላይ እንደማያስቀምጠው፣ ማን ዓሣ እንደማይበላ በደብዳቤ ትጠይቃለች፤ እሱ በደረቁ ይመልሳል። «ሁለቱ ዓሣ አይበሉም። አክባሪዎ።» ያንን «አክባሪዎ» በቀን አሥር ጊዜ ታነበዋለች።

አሥራ አንደኛው ቀን የኪናሺ ነበር። ጠዋት ሦስት ችግኝ ቦታ ጻፈች፤ አንዱ የአባቷ። ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግን ባዶ ተወችው። ምንም አልጻፈችበትም። አንድ ሰዓት ነው የጠየቀችው፤ ከአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሰዓት።

* * *

እማማ ኪኑኤ በዚያው መኸር ልባቸው ደክሞ ተኙ። የሚኖሩት ከተዘጋው ኡዶን ቤታቸው በላይ ባለችው ክፍል ነው። ቺዙሩ ከሥራ ስትወጣ በየቀኑ እሳቸው ዘንድ ትወጣለች።

«ልጅዎ ይመጣል» አለቻቸው።

«ሰምቻለሁ። በስልክ ነገረኝ።»

«ስለ እኔ… ጠየቀ?»

«ስሟን እንዳታነሺብኝ ብሎ አስምሎኛል። አላነሳሁም። እኔ ቃል በላሁ እንዳይባል ምላሴን ነክሼ አለሁ» አሉ። ጆሯቸውን አቀኑ። «ከታች የሚቆፍረው ማነው?»

ቺዙሩ በመስኮት አየች። ጓሮ ባለው ጉድጓድ አፍ ላይ መሰላል ቆሟል፤ ገመድ ተዘርግቷል። ከውስጥ ጭቃ የሞላ ባልዲ ወጣ። ተከትሎ የሰባ አራት ዓመት ራስ ወጣ፤ የአባቷ።

ሮጣ ወረደች። «አባባ! ምን እየሠሩ ነው?»

«ሥራሽን ሥሪ።»

«ጉድጓድ ቆፋሪው ምንጩ ሞቷል ብሏል እኮ!»

«ቆፋሪው ዕዳ የለበትም» አሉ ቶራኪቺ። «የአበዳሪዬ ልጅ በሚያዝያ ደጄ ላይ ሊቆም ነው። ምን ይዤ እቀበለዋለሁ?»

ከላይ በመስኮት የእማማ ኪኑኤ ድምፅ መጣ። «አንተ ቶራ! ሳልሞት መቃብሬን ትቆፍራለህ?»

«ዝም ብለሽ ተኚ!»

«በዚህ አቆፋፈርህ መቃብር ቢሆንም አልደርስበትም!»

ሁለት ወር ቆፈሩ፤ አላቆሙም። ቺዙሩ ገመዱን ሳበች። ጭቃ ወጣ፤ ድንጋይ ወጣ፤ አንድ የድሮ ባልዲ እጀታ ወጣ። ውሃ አልወጣም። የእማማ ኪኑኤ እግር አበጠ፤ ከንፈራቸው ጠቆረ። ቺዙሩ ገመዱን ስትስብ የምትስበው ምን እንደሆነ ራሷም አታውቅም ነበር፤ የሚከብደው ግን ጭቃው ብቻ አልነበረም።

በየካቲት መርሐ ግብሩ ከሆላንድ ተመለሰ። አሥራ አንደኛው ቀን ላይ የኪታጋኪ ችግኝ ቦታ በሁለት ቀይ መስመር ተሰርዟል። «ጊዜ ስለማይበቃ» ይላል። ባዶውን ሰዓት አልነካውም። ጊዜ እንዳለ እያየ ጊዜ የለም ብሎ ጻፈ።

ወረቀቱን አጥፋ እጅጌዋ ውስጥ ከተተች። ያን ቀን አንድ ጤነኛ ቅርንጫፍ ሳታውቀው ቆረጠች። መቀስ ከያዘች ጀምሮ እንዲህ ያለ ስሕተት ሠርታ አታውቅም። የተቆረጠውን ይዛ ቆመች፤ ወደ ቦታው የሚመልሰው ነገር በዓለም ላይ አልነበረም።

* * *

በመጋቢት መጀመሪያ ሐኪሙ ቺዙሩን ደረጃው ሥር ጠርቶ «ከሳምንት አያልፉም» አላት።

የሚያዝያው ጉዞ አምስት ሳምንት ይቀረዋል። ቺዙሩ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሮጠች። አመሻሹ ላይ ነበር፤ ሆላንድ ገና ጠዋት ነው። ደወለች። ስልኩ ሲጮህ አሥራ አንድ ዓመት ያጠራቀመችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

«አቤት፤ ኢሳኦ ነኝ።»

«እናትህ ደክመዋል። ሚያዝያን አይጠብቁም። አሁን ና።»

ሲተነፍስ ሰማችው። «ሐኪም ነው ያለው?»

«ሐኪምም ብሏል። እኔም በዓይኔ እያየሁ ነው።»

«ነገ እነሣለሁ። ስለደወሉልኝ አመሰግናለሁ፣ ወይዘሮ ሚያዋኪ።»

ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ሄደ። ማኅተሙ እዚያው ቆሟል። ጣት የማታህል እንጨት የብርዱን ወራት ሙሉ በስሟ ስትዋሽ ኖራለች።

አፏን ከፈተች። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ነገር ግን ያ ስልክ የእሷ አልነበረም፤ የሚሞቱት ሴት ነበር።

«አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት ይደርሳል?» አለች።

ስልኩን ስታስቀምጥ ደስታ መጣባት። የሰረዘው እሷን አይደለም፤ የሰው ሚስት ናት ብሎ ነው። እማማ ኪኑኤ በሚሞቱበት ሳምንት ልቧ በደስታ በመዝለሉ አፈረች፤ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ተቀመጠች።

* * *

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ መጣ። ጸጉሩ ጆሮው ላይ ሸብቷል። ቺዙሩን ኡዶን ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲያያት እንግዳ ለእንግዳ እንደሚሰግድ ዝቅ ብሎ ሰገደና ወደ ላይ ወጣ።

እማማ ኪኑኤ ዓይናቸውን ገለጡ። «ከሳህ። እዚያ አገር ስንዴ የለም?»

«አለ፣ እማዬ። የሚያቦካው የለም።»

«ና፤ ተቀመጥ። አታልቅስ፤ ጨው ውሃ ምን ያደርግልኛል።» ትንሽ አረፉ። «አንድ ነገር እፈልጋለሁ። አያትን ማየት እፈልጋለሁ። ውሃዬን ጠጥታ የኖረችውን ዛፍ አንድ ቀን አላየኋትም። የኡዶን ሻጭ የኪታጋኪን በር አያልፍማ።»

ቺዙሩ ወደ ጓሮ ወጥታ ጉድጓዱ ውስጥ ተጣራች። «አባባ! እማማ ኪኑኤ አያትን ማየት ይፈልጋሉ!»

አያት ከመደርደሪያዋ ለንጉሥም ቢሆን ወርዳ አታውቅም። ከታች የቁፋሮው ድምፅ ቆመ። ከዚያ፣ «አምጧት። ለሁለት ያዟት። እንዳታዘነብሏት።»

ኢሳኦና ቺዙሩ ጥዷን ሳንቃ ላይ አድርገው አነሷት። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆኑ። በመንደሩ መንገድ መሐል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በእኩል እርምጃ ሄዱ። ሰው ከየበሩ ወጣ።

«ይኼ ነገር ቀብር ነው ሠርግ?» አለች አንዲት ሽንኩርት የምትነቅል ጎረቤት።

«ገና አልለየለትም» አለች ቺዙሩ።

ኢሳኦ ፊቱን ሳያዞር ተናገረ። «ባለቤትዎ አይቀየሙም?»

«የቱ ባለቤቴ?»

«ሚያዋኪ።»

«ሚያዋኪ ሚስት አለው። ሦስት ልጅም አለው። ሦስቱም የእሱን አፍንጫ ነው የያዙት፤ እኔን የሚመስል አላየሁም።»

ቀጥ ብሎ ቆመ። ሳንቃው ተንገጫገጨ።

«አትቁም! ታዘነብላለች!»

መራመድ ቀጠለ። «ማኅተሙ…»

«የማኅበሩ ሊቀመንበር እኮ ነው። ማኅተሙ እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያድረው።»

«የአባትሽን ስም ለምን አልጻፍሽም?»

«አንተ ስትጠራኝ የአባቴን ስም ትጨምር ነበር?»

የሚታያት ጀርባው ብቻ ነው። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከትከሻው ወደ ክንዱ፣ ከክንዱ ወደ ሳንቃው ወረደ። የአያት ቅጠል ነፋስ በሌለበት ተርገፈገፈ። ቺዙሩ እጇ ላይ የሚንቀጠቀጠውን እንጨት አጥብቃ ያዘች፤ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችው ነገር በእንጨት በኩል መጥቶ ዳሰሳት።

* * *

ጥዷን ከእማማ ኪኑኤ ትራስ አጠገብ አስቀመጧት። ቶራኪቺ እስከ ደረታቸው ጭቃ ለብሰው ወጡ። በአንድ እጃቸው መዳፋቸውን የከደኑባት ጎድጓዳ ሳህን ይዘዋል።

መጀመሪያ ጥዷን አዩ። የሳህን ዛፍ ፊትና ጀርባ አለው፤ ፊቱ የሚዞረው በክፍሉ ውስጥ ወደ ተከበረው ሰው ነው። ሽማግሌው ተንበርክከው ሸክላውን ቀስ አድርገው አዞሩት፤ የአያት ፊት እማማ ኪኑኤን እስኪያይ ድረስ።

እማማ ኪኑኤ ዛፏን ከላይ እስከ ታች አዩ። «ሰነፍ ናት። ያን ሁሉ ውሃ ጠጥታ ይህችን ታህላለች?»

«አላደገችም። አልሞተችም» አሉ ቶራኪቺ። «የእኛ ሥራ ይኸው ነው።»

ሳህኑን ገለጡት። ከታች አንድ ጉንጭ የምትሆን ውሃ ነበረች። «ዛሬ ጠዋት ድንጋዩ ሥር ላበ። በጨርቅ አጠለልኩት።» ድምፃቸው ተሰበረ። ወደ ኢሳኦ ዞሩ። «አርባ ሰንደል እንደሚሞላ አላውቅም። ካልሞላ… ልጄን ውሰድ። ስሜንም አትያዝ። ዕዳዬን በእሷ…»

«አባባ!» አለች ቺዙሩ። አባቷ ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም ነበር። «እኔ ውሃ አይደለሁም። ዕዳ አይከፈልብኝም። ከሄድኩ በእግሬ ነው የምሄደው።»

እማማ ኪኑኤ ፈገግ አሉ። «ሰማህ ቶራ? ውሃ በውሃ።»

በዚያ አገር ለሚሰናበት ሰው የመጨረሻውን ውሃ ከንፈሩ ላይ የሚያደርግለት የሥጋ ዘመዱ ነው። ኢሳኦ ከእናቱ ራስጌ ያለውን ቀጭን ብሩሽ አንሥቶ ውሃው ውስጥ ነከረ። ቺዙሩ እጇን እጁ ላይ አድርጋ አብራው ያዘች። የጠቆረው ከንፈር ረጠበ። እማማ ኪኑኤ ቀመሱት፤ የዕድሜ ልክ ሙያቸው ነውና ዓይናቸውን ጨፍነው መረመሩት።

«ኡዶን ይቀቀልበታል» አሉ።

ዓይናቸውንም ገለጡ።

«አንድ ሰንደል ብዬ ተቀብያለሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ይቀርብሃል፤ አንተ ቶራ።»

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ዐረፉ። ኢሳኦና ቺዙሩ ከሁለት ወገን እጃቸውን ይዘው ነበር፤ አልጋው ላይ የተዘረጋው እጅ ከቀዘቀዘ በኋላም ማንኛቸውም መጀመሪያ የሚለቅ አልሆነም።

* * *

ቶራኪቺ ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ በየማለዳው ጉድጓዱ አፍ ላይ አንድ ሰንደል ለኮሱ። ሰንደሏ እስክታልቅ ይቀዳሉ። መጀመሪያ የወጣው ግማሽ ባልዲ ነበር። በሳምንቱ ሁለት ሆነ። በሃያኛው ቀን ገመዱ አጠረ፤ ውሃው ወደ እሳቸው ወጥቶ ነበር። የመጀመሪያውን ሳህን ለእማማ ኪኑኤ መታሰቢያ ያኖራሉ፤ የቀረውን ኡዶን ቤቱ ጋን ውስጥ ይገለብጣሉ። ኢሳኦ ለሐዘኑ ቆየ። ቀን ቀን የእናቱን ቤት ያጸዳል፤ የዛገውን ድስት ይፍቃል። ከቺዙሩ ጋር ብዙ አይነጋገሩም። አንዳቸው ሲያጎነብስ ሌላው ዕቃ ያቀብላል።

የሆላንድ ሰዎች ጉዞ አልተሰረዘም፤ እስከ ኪናሺ የሚያደርሳቸው ሌላ መሪ ተገኘ። ቺዙሩ መርሐ ግብሩን እንደገና ጻፈች። የአባቷን ችግኝ ቦታ መለሰችው። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ባዶ ቦታ ላይ «ኡዶን፣ በእማማ ኪኑኤ ቤት» ብላ ጻፈች። በመጨረሻው ገጽ ወደ ሆላንድ የሚመለሱት ሰዎች ስም ዝርዝር አለ፤ አሥራ ሁለቱና ኢሳኦ። ከሥሩ አሥራ አራተኛ ስም ጨመረች፦ ቺዙሩ ኪታጋኪ። በአባቷ ቤት ማኅተም መታችው። ወረቀቱን አባቷ ከሚመገቡበት ገበታ ላይ አስቀምጣ ወጣች። እስኪመሽ መቀስ ይዛ አንድ ቅርንጫፍ መቁረጥ አልቻለችም።

እንግዶቹ የደረሱበት ቀን ሠላሳ ዘጠነኛው ነበር። ቶራኪቺ ያን ዕለት በማለዳ አልቀዱም። እስከ ስምንት ሰዓት ጠበቁ።

ኢሳኦ ሊጡን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ በእግሩ እየረገጠ አቦካ፤ እናቱ እንዳደረጉት። ድስቱ ተጣደ። አሥራ ሁለቱ ረዣዥም ሰዎች ጠባቧ ጓሮ ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ምን እንደሚሆን የነገራቸው የለም። ሽማግሌው ሰንደሏን ሲለኩሱ ግን አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ቶራኪቺ ቀዱ። ቺዙሩ ባልዲውን ተቀበለች፤ ኢሳኦ ድስቱ ውስጥ ጨመረ።

«ወረቀትሽን አየሁ» አሉ አባቷ ገመዱን እየለቀቁ።

ቺዙሩ የተቀበለችውን ባልዲ ለኢሳኦ አሳለፈች።

«ጥድ እንኳ ሁለት ዓመት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ካልተመረመረ ሆላንድ አይገባም።» ባልዲውን ሳቡ። «አንቺ አሥራ አንድ ዓመት ቆየሽ። በሽታ አልተገኘብሽም። ሂጂ።»

«የቤታችን ስምስ፣ አባባ?»

«ጥድ የማንን ስም እንደያዘ አያውቅም። ውሃ ያጠጣውን ያውቃል።»

ሰንደሏ ወደ ሥሯ ደረሰች። ሽማግሌው የመጨረሻውን ባልዲ አውጥተው ጉድጓዱ ከንፈር ላይ አኖሩት። አመዱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ቆየ፤ ከዚያ ወደቀ።

ቶራኪቺ ገመዱን ጠቅልለው አስቀመጡ። እርጥቡ መሬት ላይ ተንበረከኩ። ወደ ላይኛዋ መስኮት ዞረው፣ በሰባ አራት ዓመታቸው ለማንም ዝቅ ያላደረጉትን ግንባር ጭቃው ላይ አኖሩት።

«አርባ» አሉ።

ኢሳኦ ከድስቱ አጠገብ መጥቶ ፊት ለፊታቸው ተንበረከከ። ግንባሩን በግንባራቸው ትይዩ አደረገ።

«ኦያካታ» አለ፣ «እናቴ ተቀብላለች።»